ጥያቄ አለኝ፦ ከባርኔጣ ስፌት እስከ ሻርክ ታንክ ወንበር

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ሰው ናቸው፤ ስለ ዴይመንድ ጆን። ሰውዬው የ«ፉቡ» ልብስ መሥራች ነው፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን «ሻርክ ታንክ» ላይ ከሚቀመጡት ባለሀብቶች አንዱ ነው። ዝግጅቱን ላላያችሁት፦ ሥራ ፈጣሪዎች ባለሀብቶቹ ፊት ይቆሙና «ይህን ያህል ገንዘብ ስጡኝ፣ ይህን ያህል ድርሻ ውሰዱ» ይላሉ። «ሻርኮቹ» ያፋጥጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ከተስማሙም ገንዘቡን ከራሳቸው ኪስ ያወጣሉ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አዋጆችን ብቻ በራሳችን ጽፈናል።

«በአርባ ዶላር ጨርቅ ተነስቶ ሚሊየነር ሆነ ይባላል። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከዚያ የበለጠ ጨርቅ በየሳምንቱ እገዛለሁ። እሱ አድርጎ እኔ ያላደረግኩት ምንድን ነው?» — ከሽሮ ሜዳ

የአርባ ዶላሩን ነገር ጆን ራሱ በየመድረኩ ይናገረዋል። በዚያ ገንዘብ ያገኘው ግን የአንድ ቀን ገበያ ነው። ጊዜው 1992፣ ቦታው ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ያለው የሆሊስ ሰፈር ነው። በዚያ ሰሞን አናቱ በዓሣ ማጥመጃ ክር የሚታሰር የሱፍ ባርኔጣ ፋሽን ሆኖ ነበር። ሱቅ ገብቶ 20 ዶላር ሲባል ዋጋው አልዋጥልህ አለው። ከጎረቤቱ ጋር ሆነው 90 ያህል ሰፉ፣ ጃማይካ አቬኑ ጥግ ላይ አንዱን በ10 ዶላር አወጡት። ማታ ሲቆጠር 800 ዶላር ነበር።

ብልሃቱ የዕቃው ምርጫ ላይ ነው። ይህ ባርኔጣ ዚፕ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ኮሌታ የለው፤ ቁጥሩም አንድ ነው። የሚለጠጥ ጨርቅ እስከሆነ ድረስ በአንድ ልክ አብዛኛውን ጎልማሳ ያዳርሳል። አሠራሩን በእርስዎ ቋንቋ እንጻፈው። የጎልማሳ ራስ ዙሪያ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጨርቁን በወርድ 56፣ በቁመት 33 ይቁረጡ። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ ዙሪያው 54 ይቀራል፤ የቀረውን መለጠጡ ይሸፍነዋል። ጎኑን ይግጠሙ፣ ከታች 3 ሴንቲ ሜትር አጥፈው ይስፉ፣ ከላይ ስድስት ያህል ለእሰር ትተው ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ወርዱ 150 ከሆነ ብትን ጨርቅ በሜትር ስድስት ይወጣል፤ ለ90 ባርኔጣ 15 ሜትር በቂ ነው። ጎን ላይ የምትተርፈው 38 ሴንቲ ሜትር ቁራጭም አትጣልም፣ የሕፃናት የራስ ማሰሪያ ይሆናል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አቆራረጡ ላይ ነው። የጨርቁ ልጥጠት ራሱን ዙሪያ እንዲሄድ ሆኖ መቆረጥ አለበት። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ አንዱ ሲገለበጥ ያ ባርኔጣ ግንባር ላይ ይቀራል፣ ገዢውም ይመልሰዋል። ሁለተኛው ችግር መርፌ ነው። ለሚለጠጥ ጨርቅ ጫፉ ደብዘዝ ያለ መርፌና ዚግዛግ ወይም ኦቨርሎክ ያስፈልጋል፤ በቀጥታ ስፌት ከሰፉት መጀመሪያ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ሽሮ ሜዳ ያለው ሥራ በአብዛኛው የልኬት ሥራ ነው፤ ደንበኛ ይመጣል፣ ይለካል፣ ለእሱ ብቻ ይሰፋል። ጆን አንድን ነገር 90 ጊዜ ደገመ። ሲደጋገም የአንዱ ጊዜ ያጥራል፣ ብክነት ይቀንሳል፤ ዋናው ግን ዋጋውን አስቀድሞ ማወቅ መቻሉ ነው። ዋጋ ሲያወጡ በሦስት ደረጃ ያስቡ። ዕቃው ሱቅ ላይ 1,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ ባለ ሱቁ ከእርስዎ በ500 ገደማ ሊወስድ ይፈልጋል፤ እንግዲያው ጨርቁ፣ ክሩ፣ ጉልበቱና ኪራዩ ተደምሮ ከ250 ማለፍ የለበትም። 400 የሚፈጅብዎትን ዕቃ በ1,000 በእጅዎ ቢሸጡት ያዋጣል፤ ለሱቅ በ500 በጅምላ ልስጥ ባሉ ቀን ግን የሚተርፍዎት 100 ብር ብቻ ነው። ብዙ ጥሩ ሰፊ ከችርቻሮ ወደ ጅምላ ሲሻገር የሚወድቀው እዚህች ጋ ነው።

«ላስ ቬጋስ ሄዶ የ300 ሺህ ዶላር ትዕዛዝ ይዞ ተመለሰ፣ ከዚያ ቤታቸውን ሊያጣ ደረሰ ይላል ታሪኩ። ትዕዛዝ ያለው ሰው እንዴት ይከስራል? ይህ ነገር አልገባኝም።» — ከአዳማ

የሰውዬው ሙያ ሁሉ የተወለደው እዚህ ስለሆነ ጥያቄዎን ረዘም አድርገን እንመልሰዋለን።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ጆንና ጓደኞቹ ላስ ቬጋስ ወደሚካሄደው ማጂክ የተባለ የልብስ ንግድ ትርኢት ሄዱ። ለማሳያ ቦታ የሚከፍሉት ስላልነበራቸው ሆቴል ክፍላቸው ውስጥ ናሙና ሰቅለው ገዢዎችን ከትርኢቱ እየጠሩ አስገቡ። ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ትዕዛዝ ተጻፈ። ጆን በዚያን ጊዜ ሬድ ሎብስተር የተባለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበር። ተመልሶ የባንክ ደጅ ጠና፤ 27 ባንኮች እምቢ አሉት። በመጨረሻ እናቱ ቤታቸውን አስይዘው 100 ሺህ ዶላር ተገኘ። የቤቱ ዕቃ ወጣ፣ የስፌት መኪና ገባ።

እስቲ እንደ ነጋዴ እናስላው። የሚከተለው ስሌት የእኛ ነው፤ የልብስ ንግድ በዚያ አገር በሚሄድበት ልማድ የተሠራ። የ300 ሺህ ዶላር ጅምላ ትዕዛዝ ለማምረት ግማሹ፣ 150 ሺህ፣ በወጪ ይሄዳል እንበል። በእጅ ያለው 100 ሺህ ነው። መኪና ሳይገዛ፣ መብራት ሳይከፈል፣ ገና ከመነሻው 50 ሺህ ጎድሏል። ቀኑን ደግሞ ይቁጠሩ። ጨርቅ ሻጭ አዲስ ደንበኛን በዱቤ አያምንም፤ ክፍያው በመጀመሪያው ቀን ነው። ቆርጦ ሰፍቶ ለመጨረስ 45 ቀን፣ ለማድረስ 10 ቀን። ትልልቅ ሱቆች የሚከፍሉት ዕቃው ከገባላቸው ከ30 ወይም ከ60 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ሱቁ በ60 ቀን የሚከፍል ከሆነ ዛሬ የወጣው ገንዘብ በ115ኛው ቀን ይመለሳል። በ60ኛው ቀን ግን የሚቀጥለው ወቅት ትዕዛዝ ይመጣል፣ ለእሱም ጨርቅ ይገዛል። ሽያጩ ባደገ ቁጥር ጉድጓዱ ይሰፋል።

«ታዲያ ባንክ ትዕዛዙን አይቶ ለምን አላበደረም?» ትሉ ይሆናል። የትዕዛዝ ወረቀት ላይ የመጨረሻ መቀበያ ቀን አለ። በዚያ ቀን ያልደረሰ ዕቃ ያለ ጥያቄ ይመለሳል። ሌብሉ የተሳሳተ፣ ካርቶኑ እንደ መመሪያው ያልታሸገ እንደሆነ ደግሞ ሱቁ ከሂሳቡ ላይ ይቆርጣል። ከዚህ በፊት በዚህ መጠን ሰፍቶ ለማያውቅ የ20ዎቹ ወጣት፣ ባንክ ያንን ወረቀት እንደ ማስያዣ የማያይበት ምክንያት ነበረው። ጥቁር መሆኑም ረድቶታል ለማለት አያስደፍርም።

ያዳነው የእናቱ ዘዴ ነው። በቀረቻቸው ገንዘብ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ማስታወቂያ አወጡ፤ ትዕዛዝ አለን፣ ገንዘብ አቅራቢ እንፈልጋለን የሚል። ጆን እንደሚተርከው ከደወሉት አብዛኞቹ አራጣ አበዳሪዎች ነበሩ። ከቁም ነገረኞቹ መካከል ግን የሳምሰንግ ጨርቃ ጨርቅ ክፍል ነበረበት። ስምምነቱ ለፉቡ ትልቁን ሸክም አነሳለት፤ ማምረቻው፣ ገንዘቡና ስርጭቱ በሳምሰንግ በኩል ሄደ፣ ጆንና ሦስቱ ሸሪኮቹ ንድፍና ማስተዋወቅ ላይ ቀሩ። ትርፉን ከሌላ ጋር መካፈል ነበር፤ እኛ ግን በሰውዬው ሕይወት ከተደረጉት ውሎች ሁሉ ይህን እናስበልጣለን። በ1998 የዓመቱ ሽያጭ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ።

እርስዎ አዳማ ላይ እንዲህ ዓይነት ትዕዛዝ ቢገጥምዎትስ? መጀመሪያ ቀብድ፤ ቢያንስ የጨርቁንና የክሩን ዋጋ የሚሸፍን፣ ማለትም ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ በጽሑፍ። ገዢው ቀብድ ካልሰጠ ትዕዛዙን በከፊል ይቀበሉ፤ አምስት ሱቅ ከሚያዝዎት ቶሎ የሚከፍሉትን ሁለቱን ይምረጡ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ያልተከፈለ ደረሰኝ ገዝተው ከ70 እስከ 90 በመቶውን ወዲያው የሚሰጡ፣ ቀሪውን ኮሚሽናቸውን ቆርጠው ሱቁ ሲከፍል የሚያስረክቡ ድርጅቶች አሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ ትርፍዎ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ግን ኮሚሽኑ ይበላዎታል።

«ለታዋቂ ቲክቶከሮች ልብስ በነፃ እየሰጠን ምንም አላገኘንም። ፉቡ በራፐሮች እንዴት ተሳካለት?» — ከአዲስ አበባ፣ ቦሌ

አልሰጠም፣ አዋሰ። የፉቡ ሌብል የተሰፋባቸው አሥር ያህል የሆኪ ማሊያዎች ነበሩ፤ እነዚያኑ ለሙዚቃ ቪዲዮ ቀረጻ እያዋሰ፣ ሲያልቅ እየተቀበለ፣ አጥቦ ለሌላው እያዋሰ ሁለት ዓመት ቆየ። 30 በሚሆኑ ቪዲዮዎች ታዩ። ተመልካቹ ትልቅ ኩባንያ መሰለው፣ ሱቆችም እየደወሉ ይጠይቁ ጀመር። የማዋስ ጥቅሙ ዕቃው መመለሱ ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው በዚያች ቀን፣ በዚያች ቀረጻ ላይ እንደሚለብሰው ታውቃለህ። በነፃ የተሰጠ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ትልቁ ድል የመጣው ከሰፈሩ ልጅ ከራፐሩ ኤልኤል ኩል ጄይ ነው። በ1997 ጋፕ የተባለው ልብስ ሻጭ ለ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ሲቀርጸው የፉቡን ባርኔጣ አድርጎ ገባ፣ ግጥሙ ውስጥም «ለእኛ፣ በእኛ» የሚለውን የፉቡን መፈክር ሸጎጠ። ጋፕ ለተፎካካሪው የአየር ሰዓት እንደከፈለ የነቃው ማስታወቂያው ከተላለፈ በኋላ ነው። ይህንን አትኮርጁ፤ ዛሬ የማስታወቂያ ውል ላይ የሌላ ድርጅት ምልክት ማሳየት የሚከለክል አንቀጽ አለ፣ ጠበቃም አብሮት አለ። ማሊያዎቹን ግን ኮርጁ።

«ፉቡ ዛሬ የት ገባ? ልብስ ሰሪ የነበረ ሰው እንዴት የቴሌቪዥን ሰው ሆነ?» — ከዱባይ

ፉቡ የወደቀው በክምችት ነው። ፋሽን ሲጦፍ ሱቆች አብዝተው ያዛሉ። ያልተሸጠው ሲጠራቀም ደግሞ «የቅናሹን ልዩነት ተጋራን፣ ወይ ዕቃህን መልሰህ ውሰድ» ይላሉ። ሙሉ ዋጋ ይከፈልበት የነበረ ልብስ በቅናሽ መደርደሪያ ላይ ተቆልሎ ከታየ ወጣቱ አይለብሰውም። በዚያ ላይ በ2001 የሙዚቃ አልበም እናውጣ ብለው ገቡበት፣ ገንዘብ በላ። በ2003 ገደማ ከአሜሪካ ገበያ ወደ ውጭ አገር አተኮሩ። ስሙ ዛሬም አለ፤ በአብዛኛው የሚኖረው በፈቃድ ነው፣ ማለትም ሌላው ያመርታል፣ ፉቡ ለስሙ ከሽያጩ ድርሻ ይቀበላል።

ጆን ከዚያ በኋላ ለሌሎች ድርጅቶች ስም አወጣጥና ፈቃድ ማማከር ያዘ። ሻርክ ታንክ ነሐሴ 9 ቀን 2009 ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። ዝግጅቱ አዲስ ፈጠራ አልነበረም፤ ጃፓኖች በ2001 ጀምረውት፣ እንግሊዞች በ2005 «ድራገንስ ዴን» ብለው ወስደውት ነበር። ለባለሀብት የቴሌቪዥን ወንበር ማለት፣ በሌላ መንገድ በወራት ድካም የሚፈለግ ሥራ ፈጣሪ ሂሳቡን ይዞ በእግሩ ሲመጣ ማለት ነው። ከክፍያው ይልቅ የሚያዋጣው እሱ ነው። የጆን ጥያቄዎች ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ እንደሚያደሉ ያስተዋለ ተመልካችም ይኖራል፤ ክምችት ስንት አለ? ትዕዛዙን በምን ገንዘብ ታመርታለህ? ከላይ ያለውን የአዳማ መልስ ላነበበ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

«ለ5 በመቶ 200 ሺህ ሲሉ ሻርኮቹ ለምን ይስቃሉ? ደግሞስ ሮያሊቲ ማለት ብድር ነው?» — ከሐዋሳ

አንድ ማካፈል ብቻ ነው። የተጠየቀውን ገንዘብ ለድርሻው ያካፍሉ፤ 200,000 ሲካፈል ለ0.05 አራት ሚሊዮን። ጠያቂው ሳያውቀው «ድርጅቴ 4 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል» ብሏል። ሻርኩ በልቡ የሚያሰላው የዓመት ትርፍን ነው። ዓመቱን 100 ሺህ የሚያተርፍ ድርጅት በአራት ሚሊዮን ሲገዛ፣ ትርፉ ካላደገ ገንዘቡ ለመመለስ 40 ዓመት ይፈጅበታል። ሳቁ ከዚያ ነው።

ምሳሌውን ከእውነተኛ ውል እንውሰድ። በ2014 ቦምባስ የተባለ ካልሲ አምራች በትክክል ይህንኑ፣ 200 ሺህ ለ5 በመቶ፣ ጠየቀ። ጆን 200 ሺህ ለ17.5 በመቶ ተስማማ። 200,000 ለ0.175 ሲካፈል 1,142,857 ዶላር ነው፤ የድርጅቱ ዋጋ በደቂቃዎች ከ4 ሚሊዮን ወደዚህ ወረደ ማለት ነው። ብዙ ተመልካች «ተበሉ» ይላል። እኛ አንልም። የቦምባስ ጠቅላላ ሽያጭ ከዚያ ወዲህ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በልጧል፤ ባለቤቶቹ ከትንሽ ድርጅት ሙሉውን ከመያዝ ከትልቁ አብዛኛውን መያዝ ተሻላቸው። ካልሲው ራሱም ዝም ብሎ ካልሲ አልነበረም፤ የእግር ጣት ላይ የሚቆጠቁጠውን ስፌት ያስወገደ፣ መሐል እግርን የሚይዝ ሽመና ያለው ነው። አንድ ሲሸጥ አንድ ለተቸገረ ይሰጣል። ሻርክ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰዎች ደጋግመው ለሚገዙት ዕቃ ነው።

ሮያሊቲ ብድር አይደለም። ገንዘብ ሰጪው ከእያንዳንዱ ከተሸጠ ዕቃ ቁርጥ ክፍያ ይወስዳል፤ አትርፈህ ከስረህ አይመለከተውም። የራሳችንን ቁጥር እናስገባ። ክራባት በጅምላ በ15 ዶላር ትሸጣላችሁ፣ ወጪው 8 ነው፣ ትርፉ 7። 50 ሺህ ዶላር ተቀብላችሁ በአንዱ 3 ዶላር ብትስማሙ ከትርፋችሁ 43 በመቶው ሄደ። ሰጪው ገንዘቡን የሚያስመልሰው 16,667ኛው ክራባት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላስ? ውሉ ላይ ጣሪያ ካልተጻፈ ለዘላለም ይቀጥላል። ሱቁ ዋጋ ቀንሱ ያለ ቀን ደግሞ የሚቀነሰው ከቀሪዋ 4 ዶላር ላይ ነው። ሮያሊቲ ከተቀበላችሁ ሁለት ነገር አስጽፉ፦ ጠቅላላው ክፍያ ከተሰጠው ገንዘብ ከሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሲደርስ እንዲያበቃ፣ እና በቅናሽ የተሸጠ ዕቃ ላይ እንዲወርድ።

በ2013 ከሜምፊስ የመጣ ገና ልጅ ክራባት ሰፊ፣ የ«ሞስ ቦውስ» ባለቤት፣ የሮያሊቲ ሐሳብ ሲቀርብለት ጆን እንዳይቀበል መከረው፤ ገንዘብ ሳያወጣ፣ ድርሻም ሳይጠይቅ በምክር ልርዳህ አለው። ልጁ በኋላ በኤንቢኤ ቅርጫት ኳስ ቡድኖች አርማ ክራባት ለመሥራት ፈቃድ አገኘ። በዝግጅቱ ታሪክ ጥሩው ውል አንዳንዴ ያልተፈረመው ነው።

«ቴሌቪዥን ላይ እጅ የሚጨባበጡት ሁሉ ገንዘቡን ያገኛሉ?» — ከባሕር ዳር

አያገኙም። ፎርብስ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ወቅቶች 237 ድርጅቶችን ጠይቆ 43 በመቶ ያህሉ ውል እንደፈረሰ፣ ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ውላቸው እንደተቀየረ አገኘ። እኛ የምናየው አሥር ደቂቃ ከአንድ ሰዓት ክርክር የተቆረጠ ነው፤ ከመጨባበጡ በኋላ የሻርኩ ሒሳብ አዋቂዎችና ጠበቆች ይገባሉ። የሚፈልጉት የግብር ወረቀት፣ የባንክ መግለጫ፣ የባለቤትነት ውል፣ የንግድ ምልክት ማስረጃ ነው። ውሉ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በሦስት ነገር ነው፦ «ሽያጭ» ብሎ የተናገረው የተከፈለ ሳይሆን የታዘዘ ሆኖ ሲገኝ፣ ድሮ በቃል ድርሻ የተሰጠው ዘመድ ወይም ጓደኛ ብቅ ሲል፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ ስርጭቱ ከተላለፈ በኋላ ሽያጩ ጦፎ «አሁንስ ምን አደረገልኝ» ብሎ ሲተወው። መጀመሪያ ላይ ደግሞ መድረኩ ላይ የቆመ ሁሉ፣ ውል ቢያገኝም ባያገኝም፣ 5 በመቶ ድርሻ ወይም 2 በመቶ ሮያሊቲ ለአዘጋጆቹ እንዲሰጥ የሚያስገድድ አንቀጽ ነበር። በ2013 ከሻርኮቹ አንዱ የነበረው ማርክ ኩባን አንቀጹ ካልተነሳ ከዝግጅቱ እወጣለሁ ብሎ አስነሳው።

«ሜሪላንድ ውስጥ በርበሬ አዘጋጅቼ ለአበሻ ሱቆች እሸጣለሁ። ለእንዲህ ዓይነት ዝግጅት ለማመልከት ምን ይጎድለኛል?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ

ካሜራውን ይርሱትና እህታችን፣ መጀመሪያ ዋጋዎን እንይ። አንዱ ማሰሮ ትልቅ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ 9 ዶላር ይሸጥ። ሱቁ 40 በመቶ ይይዛል፤ የሚከፍለው 5.40 ነው። መሐል ያለው አከፋፋይ ከዚያ ላይ 25 በመቶ ይይዛል፤ ለእርስዎ የሚደርሰው 4.05። እንግዲህ በርበሬው፣ ማሰሮው፣ ሌብሉ፣ ጉልበቱና ትራንስፖርቱ ከ2 ዶላር ካለፈ ሻርኩ ፊት መቆም አይገባዎትም። አሁን ለአበሻ ሱቅ፣ በ6 ዶላር እንበል፣ በቀጥታ ስለሚያስረክቡ ይህ ላይታይዎት ይችላል። አዲስ ዕቃ ሲገባ የመጀመሪያውን ካርቶን በነፃ የሚጠይቁ ሱቆችም አሉ፤ እሱንም ወጪ ላይ ይደምሩት።

ወረቀቱ ላይ፦ የሚያዘጋጁበት ቦታ በኤፍዲኤ (በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) መመዝገብ ካለበት ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ፣ ለሁለት በሚካፈለው ዓመት፣ ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 31 በአውሮፓ አቆጣጠር ይታደሳል፤ ይህች ቀን የብዙዎችን ጭነት አስይዛለች። የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ከአሥር ያነሰ ሠራተኛና በዓመት በቁጥር ከ10 ሺህ ያነሰ ማሰሮ ለሚሸጥ አይገደድም፤ ነገር ግን ሌብሉ ላይ «ጨው የሌለው» ወይም «በፋይበር የበለጸገ» ዓይነት ቃል ከጻፉ ነፃነቱ ይቀራል። ሰሊጥ ከጥር 2023 ጀምሮ እንደ አለርጂ መገለጽ ስላለበት፣ በዚያው ወፍጮ ሰሊጥ የሚያስፈጩ ከሆነ ይጠንቀቁ። ከሁሉ በላይ የላብራቶሪ ወረቀት ይያዙ፤ የቅመማ ቅመም ገዢዎች ሳልሞኔላ (በሽታ አምጪ ባክቴሪያ) እና ሊድ (መርዛማ የእርሳስ ብረት) ሳይጠይቁ አያልፉም። መሬት ላይ የሚሰጣ በርበሬ ሁለቱንም ሊያመጣ ይችላልና ከኢትዮጵያ የሚያስመጡት ዛላ የት እንደደረቀ ይጠይቁ። በእያንዳንዱ ጭነት ምርመራ አስደርገው ውጤቱን ከጭነቱ ቁጥር ጋር ካስቀመጡ፣ ቴሌቪዥን ላይ ቢወጡም ባይወጡም የሱፐርማርኬት ገዢው ያናግርዎታል።

የሽያጭ መዝገብም ይያዙ፦ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ፣ በየወሩ ስንት ማሰሮ ለየትኛው ሱቅ እንደሄደ፣ ስንቱ ሱቅ በድጋሚ እንዳዘዘ። በድጋሚ ያዘዘው ሱቅ ቁጥር ከጠቅላላው ይበልጥ ይናገራል።

«እኔስ አዲስ አበባ ሆኜ 20 በመቶ ድርሻ ለባለሀብት መሸጥ እችላለሁ? ስሙንስ መቼ ላስመዝግብ?» — ከመገናኛ

በግለሰብ ነጋዴነት ፈቃድ የሚሠሩ ከሆነ የሚሸጥ ድርሻ የለዎትም፤ ሱቁና እርስዎ በሕግ አንድ ሰው ናችሁ። በመጀመሪያ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቁሙ። በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ለብቻዎም ማቋቋም ይቻላል፤ ባለሀብቱ ሲገባ ከ2 እስከ 50 አባላት ወዳለው ይቀየራል። የሚገባው ገንዘብ ወደ ማኅበሩ ካፒታል ነው ወይስ ለእርስዎ ኪስ የሚለውን ለይተው ያስጽፉ፤ ብዙ ሽርክና የሚፈርሰው በዚህ ነው። ባለሀብቱ የውጭ ዜጋ ከሆነ በኢንቨስትመንት አዋጅ 1180/2012 ከኢትዮጵያዊ ጋር ተጣምሮ ለመግባት በአብዛኛው ዘርፍ ዝቅተኛው 150 ሺህ ዶላር ስለሆነ፣ የሻርክ ታንክ ዓይነት 50 ሺህ ዶላር እዚህ አይሠራም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊቆጠር ይችላል።

ስሙን አሁኑኑ። በአዋጅ 501/1998 የንግድ ምልክት ምዝገባ ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ልብስ የሚመዘገበው በ25ኛው የዕቃ ምድብ ነው፤ ቦርሳም ከጨመሩ 18ኛው ለብቻው ይከፈልበታል። የንግድ ፈቃድ ላይ ያለው ስም የንግድ ምልክት ጥበቃ አይሰጥም፣ ሁለቱ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። ሌብል አሥር ሺህ ከማሳተምዎ በፊት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደው ተመሳሳይ ስም መኖሩን ያስፈትሹ።